«ትናንት የመጣችሁ»

ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ፣ አውቶቡስ ውስጥ «ለቅሶ» የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ዛሬ ወደ በርክሌ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቀምጠው ነበር።

«ጋሽ ጀማል፣ ዛሬም ለቅሶ ቤት ይገባሉ አይደል?»

«አልገባም። አንቺን በር ላይ አድርሼ እመለሳለሁ።»

«በዚያ ሰውዬ ምክንያት?»

«ለሟቹ ለተስፋዬ እጄን ዘርግቼ ዱዓ ሳደርግ፣ ‹ይሄ የክርስቲያን ቤት ነው፤ እናንተ ትናንት የመጣችሁ› አለኝ። ትናንት!»

«ኢግኖር ያድርጉት፤ እንዳልሰሙ ይለፉት።»

«እንዴት ኢግኖር ላድርገው? የነቢዩን ሰዎች መካ ላይ ሲያሠቃዩአቸው የት ሸሹ? መዲና ገና አልሄዱም እኮ! ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ ነው የመጡት።»

«ወደ ነጃሺ።»

«ወደ ክርስቲያን ንጉሥ! መካዎች ስጦታ ይዘው ‹መልስልን› ቢሉት፣ አሻፈረኝ አለ። ስለ መርየም ቁርኣን ሲቀሩለት አለቀሰ። ይሄ ደግሞ በዚያ ንጉሥ አገር እየኮራ፣ እኔን ከወዳጄ ለቅሶ ያስወጣኛል?»

«ታዲያ ንጉሡ ያላባረረውን፣ እሱ ሲያባርር ይወጡለታል?»



«ሳን ሆዜ ኤርፖርት ታክሲ ስንነዳ፣ ጁምዓ ልሰግድ ስሄድ ተራዬን የሚጠብቅልኝ ተስፋዬ ነበር። ‹ማንም እንዳይገባበት!› ብሎ ከሰው ይጣላልኝ ነበር።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ ከጎንዎ ቦታ እይዛለሁ።»

«እገባለሁ! ዱዓዬንም ጮክ ብዬ ነው የማደርገው።»

ለቅሶ ቤቱ ያለበት ሰፈር፣ ቴሜስካል ላይ ሲወርዱ፣ መውረጃዬ በርክሌ ሆኖ ሳለ ለቅሶ ልደርስ ተከትዬአቸው ወረድኩ።