የሃይድሮጂን መቀናጆ

በጃንሆይ ዘመን ነው። የሱሉልታው አውቶቡስ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ፣ ከፊቴ አንዲት የማትሪክ ተፈታኝ ደብተሯን ዘርግታ ታጠናለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ አንገታቸውን አስግገው ደብተሩን አዩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሁለት ክቦች ምንድን ናቸው?»

«የሃይድሮጂን አተሞች ናቸው፣ አባባ። እያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው ያለው። ለመርጋት ግን ሁለት ያስፈልገዋል።»

«ታዲያ ከየት ያመጣል?»

«ሁለቱም ያላቸውን ያዋጣሉ። ከዚያ ጥንዱ የጋራቸው ይሆናል።»

«መቀናጆ በይኛ። እኔ አንድ በሬ፣ ጎረቤቴ አንድ በሬ፣ አብረን ጠምደን የሁለታችንንም መሬት እናርሳለን።»

«ልክ እንደሱ ነው።»

«ለካ እኔም አተም ነኝ።»

አውቶቡሱ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሳቀ። ልጅቷ የሳቅ እንባዋን ጠረገች።

«ኤሌክትሮኖቹ የሚያድሩት ግን ማን ቤት ነው?»

«መሃል ላይ ናቸው፣ አባባ። የማንም ቤት አይደለም።»

«እኔንና ጎረቤቴን ያጣላን ይኸው ነው። በሬዬ እሱ በረት እያደረ ከሳብኝ ብዬ ልከሰው እየሄድኩ ነው።»

«አተሞቹ ከተለያዩ ሁለቱም እንደ ድሮው ጎዶሎ ይሆናሉ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ተነሱ።

«ሾፌር፣ እዚህ አውርደኝ።»

«ኦቦ ቱፋ፣ ፍርድ ቤቱ ገና ነው እኮ» አለ ሾፌሩ።

«ልመለስ ነው። ድንበራችን ላይ በረት እንሠራለን፤ በሬዎቹ መሃል ይደሩ።»

አስር ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩት እኔ፣ ለዕለቱ ክፍል ስለዚሁ ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።