ከሐዋሳ ጅማ አርባ ደቂቃ

አባቴ እህቴን ሊጠይቅ ጅማ እንደሄደ ታመመና በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሆነ። እኔ ያለሁት ሆሳዕና ነበር፤ ስልኬ አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከሐዋሳ ጅማ በአውሮፕላን አርባ ደቂቃ ገደማ ነው ሲለኝ እዚያው ከተማ ወዳለ ትኬት ቢሮ ሮጥኩ።

ትኬት ሻጯ፣ “ወንድሜ፣ አርባ ደቂቃው በቀጥታ ቢበረር ነው። ቀጥታ በረራ ግን የለም፤ በአዲስ አበባ ዞረህ የምትደርሰው ነገ ከሰዓት ነው” አለችኝ። አባቴ ጠዋት ቀዶ ሕክምና እንደሚገባ ነገርኳት። ወዲያው ቢሮዋን ቆልፋ መናኸሪያ ወሰደችኝና በወልቂጤ በኩል ጅማ የሚሄድ መኪና አገኘችልኝ። ሾፌሩን በሀዲይኛ ለምና ጋቢና አስቀመጠችኝ። “ትኬት እንኳ ካንቺ ሳልገዛ?” ብላት፣ “አባትህ ጋ ድረስ!” ብላ በሩን ዘጋችው።

ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቡት አባቴ እጄን ጨብጦ፣ “መጣህ? በቃ፣ አልፈራም” አለኝ። በሰላም ወጣ። የትኬት ሻጯን ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል፤ እሱ ግን ማታ ማታ ስንጸልይ፣ “ጌታ ሆይ፣ ስሟን አንተ ታውቀዋለህ” እያለ ይመርቃታል።