አቶ ኤርካሎና የቃጫው ገመድ

ወላይታ ሶዶ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ያገኘው በረንዳ ሥር ይገባል። እኔም የጂኦግራፊ መምህሩ በአዲሱ የመሬት ልኬት ሙዚየም ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን እያራገፉ አጠገቤ ተጠለሉ። ከበዴሳ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ስማቸው አቶ ኤርካሎ። ሰላምታ ተለዋውጠን «ወደ ውስጥ እንግባ» ብላቸው፣ በሩ ላይ የተጻፈውን አስነበቡኝና ፊታቸውን አዞሩ።

«የለኪዎች ቤት ከሆነ ይቅርብኝ፣ መምህር። እኔ ሶዶ የመጣሁት ለኪዎች መሬቴን እንዳይረግጡ ለማመልከት ነው።»

የሙዚየሙ አስጎብኚ ብሩክታይት ይህን ሰምታ ወጣች። ቅየሳ ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት። «አባባ፣ እስኪያባራ እንኳ ቁጭ ይበሉ» ብላ አስገባቻቸው።

ግድግዳው ላይ ቀላድ ተሰቅሏል፤ ዱሮ በነገሥታቱ ዘመን መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩት።

«አያቴ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ባለመሬት ሆኖ ያደረ፣ ቀላድ በተጣለ ማግስት ጭሰኛ ሆኖ ነቃ። መለኪያ ይዞ የመጣ ሁሉ ይዞ የሄደው መሬት ነው፣ ልጄ።»

«ጊዜው ተለውጧል እኮ» ልላቸው አፌን ስከፍት ብሩክታይት ቀደመችኝ። ደግ አደረገች፤ እኔ ሰው ማስተማር የሚቀናኝ ከሰሌዳ ፊት ብቻ ነው።

«እውነትዎን ነው፣ አባባ። ያኔ ለኪው ብቻውን ለክቶ ብቻውን ይጽፋል። ዛሬ ግን ድንበሩን የሚያሳዩት እርስዎ ነዎት። አዋሳኞችዎ ቆመው ያያሉ፤ ካርታው ቀበሌ ተለጥፎ ሰው ይመለከተዋል፤ ስህተት ካለ ይታረማል። የይዞታ ደብተሩ ላይም የባለቤትዎ ስም ከእርስዎ ጋር ይወጣል።»

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» አሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ። ሌላው ግን አልተዋጠላቸውም።

«ታዲያ የሚፈሩት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለልጆቼ ነው የምፈራው። መሬቴን ለሻንቆና ለዳና እኩል አካፈልኩ፤ ከጓሮዬ እንሰት፣ ከኡታው በወጣ ቃጫ በገመድኩት ገመድ። ታናሹ ዳና ግን ጎደለብኝ ብሎ ታላቁን ድንበር ገፊ አለው፤ ፍርድ ቤት ጎተተው። እኔም ዳናን ውሸታም ብዬ በሽማግሌ ፊት ረገምኩት። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን በሬ ሲታረድ እንኳ አልጠራሁትም። አሁን ባለመሣሪያ መጥቶ የዳና ያንሳል ቢል፣ ሻንቆ ሌባ ሊሆን ነው። ልጅ ወልጄ ሌባ ላስብለው?»

ብሩክታይት ጥቂት አሰበችና «ሁለቱን የለኩት በአንድ ቀን ነው?» አለች።

«በአንድ ቀን፣ በአንድ ገመድ። የሻንቆን ጠዋት በፀሐይ፣ የዳናን ዝናብ መትቶን ካባራ በኋላ።»

ልጅቷ ለጎብኚ ማሳያ የሚሆን የቃጫ ገመድ አመጣች። ደረቁን በሁለት ችካል መካከል ወጥራ ልክ መሆኑን አሳየቻቸውና ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ሲርስ አውጥታ ጫፉን ለእሳቸው ሰጠች። አቶ ኤርካሎ ጎተቱ፣ ደግመው ጎተቱ፤ ችካሉ ጋ አልደረሰም።

«ውሃ ሲገባው ክሩ ያብጣል፤ ርዝመቱ ይሰበሰባል» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ሻንቆ አልገፋም» አሉ። ቀጥለውም «ዳናም አልዋሸም። በከንቱ የረገምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«የእናንተ መሣሪያስ አይረጥብም?» አሉ ወደ ብሩክታይት ዞረው።

«ይረጥባል፣ አባባ፤ ግን እንደ ገመድ አያጥርም። እሱም ሊሳሳት ስለሚችል ደግመን እንለካለን።»

ይህን ጊዜ እኔም አፌ ተፈታ። «በደንብ የተለካ መሬት ወንድምን ከወንድም ያስታርቃል» አልኳቸው። «ባሏ የሞተባትን ሴት ከጓሮዋ የሚያፈናቅላት አይኖርም። ፍርድ ቤት ስትመላለሱ የሚያልፈው ጊዜ ለእርሻ ይተርፋል። ሳይርቅ በቅርቡ ይሻላል፣ አባባ።»

ስልኬን ጠየቁኝ። የዳናን ቁጥር በቃላቸው ያውቁት ኖሯል። በወላይትኛ እንዲህ አሉት፦

«ዳና፣ አባትህ ነኝ። ለኪዎቹ ይግቡ። የጎደለብህ እውነት ነው፤ ያጎደልኩት ግን እኔ ነኝ እንጂ ወንድምህ አይደለም። ርግማኔን አንስቻለሁ፤ በሽማግሌ ፊትም አነሳዋለሁ።»

ከወዲያ ዳና «አባባ፣ ሶዶ የት ጋ ነዎት? ሞተሩን አስነስቼ ልምጣ» ሲል ሁላችንም ሰማን። አቶ ኤርካሎ ስልኩን አቀበሉኝና ቦታውን የነገርኩት እኔ ነኝ።