እንደ ፊልሙ ተርጉምልኝ

ቶሮንቶ ውስጥ አበሻ ገና ጥቂት በነበርንበት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። በዳንዳስ መንገድ በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ስትሪትካር ላይ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። የእንግሊዝ ፊልም አይተው መመለሳቸው ነው፤ አማርኛ የሚሰማ ሰው ከኋላቸው ያለ አልመሰላቸውም።

«ቆይ፣ ሐኪሙ ለራሱ ለበሽተኛው ነው የነገረው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አትድንም ብሎ? ፊት ለፊት?»

«አዎ።»

«ዘመድ የለውም? መጀመሪያ ዘመድ ተጠርቶ አይነገርም?»

«እነሱ ለበሽተኛው ነው የሚናገሩት። እዚህም እንደዚያው ነው።»

«እዚህም?»

«ማለቴ... አንዳንዴ።»

«ጓደኞቹስ? ልሞት ነው ሲላቸው የሚስቁት ምን ነክቷቸው ነው?»

«ኮሜዲ ነው ጋሼ። እሱም እንዲስቅ ብለው ነው።»

«ሳቀ እኮ! ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አንተ ብቻ ነህ ያለቀስከው።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»



«ዛሬ ቃል በቃል ነው የተረጎምክልኝ፤ ስድቡን እንኳ አልዘለልክም።»

«ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

«ባለፈው ሐኪም ቤት ግን ዶክተሩ ያን ሁሉ ሰዓት አውርቶ፣ አንተ ‹ጨጓራ ነው› ብለህ ጨረስከው።»

«እንግሊዝኛ ዙሪያ ጥምጥም ይበዛዋል፣ ጋሼ።»

«ፊልሙም እኮ እንግሊዝኛ ነበር።»

ጎልማሳው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሰኞ ቀጠሮ አለን አይደል? እንደ ፊልሙ ተርጉምልኝ።»

የምወርድበት ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረው ነበር፤ የማስቆሚያውን ገመድ ስቤ ወረድኩ።