ጠበበ የተባለው ታንዲር

ዳቦ ጋጋሪው ኡስታ ሐምሮቁል የእህታቸውን ልጅ ያገኟት ሳያስቡት ነው። ወደ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የሚወስደውን ዳገት ጀምረው፣ ዳገቱ ቀድሞ እሳቸውን ሊጨርሳቸው ስለሆነ፣ ቦዩ ዳር ካለው የእንጆሪ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ዳገት ተባለ እንጂ፣ የቦዩ ውሃ እንኳ ያንን ቁልቁለት ሲወርድ እያንቀላፋ ነው።

ዙልሁሞር ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እየተመለሰች ነበር። ሥራዋ የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማር ነው። ዘመዶቿ ስለ ሥራዋ ሲጠየቁ «አስተማሪ ናት» ይሉና የምን አስተማሪ እንደሆነች ሳይናገሩ ቶሎ ሻይ ይቀዳሉ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሳች፤ የአክስቷን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ በመጨረሻም እንደ ደንቡ የታንዲሩን፣ የዚያን የዳቦ መጋገሪያ የሸክላ ምድጃ፣ ጤና ጠየቀች።

«ታንዲሩ ደኅና አይደለም» አሉ።

«ምን ሆነ፣ አጎቴ?»

«ጠበበ።»

ልጅቱ ቁልቁል ወደ መቀነታቸው አየች። ካባቸው ከፊት አልገጥም ካለ ቆይቷል፤ መቀነቱ ሁለቱን ጫፎች እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች በግድ አስማምቷቸዋል።

«ሸክላ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ይጠባል እንዴ?»

«እኔም አይጠብም ስል ነው የኖርኩት። ግን አምና እስከ ወለሉ እደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ከወገቤ አላሳልፍም አለኝ። እኔ ያው ነኝ። እንግዲህ ማን ቀረ?»

ሳማርካንድ ውስጥ ዳቦ የሚጋገረው በታንዲር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ጋጋሪው በሸክላው ምድጃ አፍ ጎንበስ ብሎ፣ ግማሽ አካሉን ወደ ግለቱ ሰድዶ፣ ከታችኛው ረድፍ ጀምሮ ይለጥፋል። ኡስታ ሐምሮቁል ግን ታችኛውን ረድፍ ከሩቅ መወርወር ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ የተወረወረውም አመድ ውስጥ ይወድቃል። መንገድ ላይ የወደቀ ቁራሽ ተነሥቶ፣ ተስሞ፣ ከፍ ያለ ቦታ በሚቀመጥበት ከተማ፣ ዳቦ አመድ ላይ የሚጥል ጋጋሪ ምን እንደሚባል መናገር አያስፈልግም። ባለፈው ሳምንትማ ጭራሽ አፉ ላይ ተወትፈው፣ ባለቤታቸው በመቀነታቸው ጎትተው ነው ያወጧቸው።

የሚያሳስባቸው ግን ሌላ ነበር። በመከር ወራት የመጨረሻ ልጃቸው ሙሐይዮ ትታጫለች። በዚያ ቤት ሽማግሌዎች ለቃል ኪዳን የሚቆርሱትን ዳቦ የሚጋግረው አባትዬው በገዛ እጁ ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም እንዲያ አድርገዋል። ስለዚህ አፈ ሰፊ ታንዲር ሊያሠሩ መሄዳቸው ነበር።

«አፉ ሲሰፋ ሙቀቱስ?» ብላ ጠየቀች ዙልሁሞር።

ኡስታ ሐምሮቁል ስለ ብዙ ነገር መዋሸት ይችላሉ፤ ስለ ዳቦ ግን አይሆንላቸውም። ጢማቸውን ዳበሱ። «ይሸሻል» አሉ።

«ዳቦውስ?»

«ይገረጣል።»

«ታዲያ ለሙሐይዮ የገረጣ ዳቦ ልናስቆርስ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ያስተማሩሽ ሩጫ ነው ወይስ ሙግት?»

ቀጥለውም ሆዳቸውን መከላከል ያዙ። ቀጭን ጋጋሪ ከገዛ ዳቦው የሚሸሽ ስለሚመስል ገዢ አያምነውም አሉ። ይህ ሆድ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የስንት ሠርግና የስንት ጎረቤት ፍቅር ነው አሉ።

«ፍቅሩን አንነካውም» አለች። «ላቱን ብቻ ነው።»

መድኃኒት ሳይሞክሩ እንዳልቀሩም ነገሯት። የሱፍ ሻርፕ ሆዳቸው ላይ ጠምጥመው እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው አልበዋል። ላቡ ውሃ ስለሆነ የውሃ ማሰሮው ጋ ደርሰው ሲጠጡ ተመልሶ እንደሚገባ ስትነግራቸው፣ እውነት ነው፣ ማሰሮው ጋ ነበር የሄዱት። በጀርባ ተኝቶ መነሣትስ፣ ሆድ ያጠፋል ይባል የለ? አሉ። እሱም ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ፣ ስቡ የሚቀንሰው ከመላው አካል ነው፣ ሰውነት ከየት እንደሚጀምር ሰው አያዘውም አለቻቸው።

«አጎቴ፣ ታንዲር ውስጥ ከሚነደው በላይ ማገዶ ቢጨምሩ ትርፉ የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል፤ እዚያው ይከማቻል።»

«በቃ፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ማገዶ ይጨምራሉ። የሚነደው ግን ጥቂት ነው።»

ኡስታ ሐምሮቁል ሆዳቸውን ቁልቁል አዩት። ያን ያህል ዘመን ሀብት ሲሉት የኖሩት ነገር ያልነደደ ማገዶ መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ ከፋቸው።

ምክሯ ረጅም አልነበረም። ሻይ ያለ ስኳር። ዳቦ እንደ ልማዳቸው ሳይሆን ግማሹን። ከሩዙ በፊት ቲማቲምና ሽንኩርት በደንብ። ላት፣ አባታቸው ያደርጉ እንደ ነበረው፣ ለበዓል ብቻ። ገበያ በመኪና መሄድ ቀርቶ በቦዩ ዳር በእግር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሊጡን ገንዳ ጠርዝ ይዞ ቁጢጥ ማለትና መነሣት። ይህ ሁሉ ቀስ እያለ የሚሠራ ነገር ነው፤ በሳምንት አጠፋልሃለሁ የሚል ካለ ሌባ ነው አለች።

«ሁሉም ይሁን» አሉ። «ቦሮንቦይንስ ምን ላድርገው?»

ሥጋ ሻጩ ቦሮንቦይ የሐሙስ ማኅበራቸው አለቃ ናቸው። የሰፈሩ ወንዶች ሐሙስ ሐሙስ አንድ ትሪ ሩዝ ከበው ይበላሉ፤ ቦሮንቦይም ሩዙንና ላቱን በመዳፋቸው ጨብጠው ለወደዱት ሰው ያጎርሳሉ። ያንን ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነው። ቦሮንቦይ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሐምሮቁልን ነው።

ዙልሁሞር አሰበች፣ አሰበች። «ይህንን አላስተማሩንም» አለች።

ስለዚህ መላውን የፈጠሩት ተጠራጣሪው ሽማግሌ ራሳቸው ናቸው። ቤት ገብተው አንድ ዳቦ አነሡ፣ ነከሱ፣ የተረፈውን ለባለቤታቸው ሰጡ። በሳማርካንድ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ዳቦ ይነክሳል፤ ቤተሰቡ ቀሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅልለታል፤ ሲመለስ ይጨርሰዋል። ባለቤታቸው ዳቦውን ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቁ፤ መልሱን ሲሰሙ ግን ሚስማር ፍለጋ ሄዱ።

ሐሙስ መጣ። ቦሮንቦይ ሕፃን የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«አፍህን ክፈት፣ ሐምሮቁል።»

«ወንድሜ፣ መንገደኛ ነኝ። ዳቦ ነክሻለሁ።»

ቦሮንቦይ እጃቸውን ሳይመልሱ ጠየቁ። «ወዴት ነው?»

«ታንዲሬ ወለል ድረስ።»

የሳቀ ሳቀ። አንዱ ስንቁን በወገቡ ይዟል አለ፤ ሌላው ግመል ተከራይ አለ። ቦሮንቦይ ግን እጃቸው አየር ላይ እንደ ቀረ አሰቡ። ዳቦ የነከሰን ሰው ከመንገዱ የሚመልስ የለም። ጉርሻው ደግሞ ወደ ትሪው አይመለስም። በመጨረሻ ራሳቸው ጎረሱት፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሐሙስ የሁለት ሰው ድርሻ ለብቻቸው በሉ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቦዩ ዳር ሲራመዱ ዳክዬዎች ይቀድሟቸው ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሐብሐቡን እበላለሁ ብለው ሐልዋ ከሚባለው ጣፋጭ ትሪ ጋር ተገኙ፤ በማግስቱ ማንም ሳይፈርድባቸው ወደ ቦዩ ተመለሱ። ገንዳውን ይዘው ቁጢጥ ብድግ ሲሉ ያየች ደንበኛ፣ «ኡስታ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለቻቸው።

«ገና አልጠፋም» አሉ።

ሐብሐብ አልፎ ወይን በሰለ። መቀነቱ ሁለት ዙር መዞር ጀመረ። በሙሐይዮ መታጨት ዋዜማ ኡስታ ሐምሮቁል ታንዲሩን አንድደው፣ ፍሙን አስተካክለው፣ ሊጡን ይዘው ጎነበሱ። ባለቤታቸው ከልማድ የተነሣ መቀነታቸውን ጨብጠው ከኋላ ቆመዋል። ትከሻቸው ገባ፣ ደረታቸው ገባ፣ ሆዳቸውም ገባ። እጃቸው ታችኛው ረድፍ ላይ ደርሶ ሊጡን አሳርፎ ተመለሰ። ዳቦው ሲወጣ ፊቱ እንደ መዳብ ያበራ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲቆርሱት ቅርፊቱ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ሙሐይዮም ፊቷን በሻሽ ሸፍና የአባቷ እጅ ዳቦ ስለ ሆነላት በደስታ አለቀሰች።

ከዚያም በኋላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዳቦ ወረደ። ድንጋይ ሆኗል። ሻይ ውስጥ እየነከሩ እስከ ፍርፋሪው በሉት። ዙልሁሞርም ያን ዕለት «ግማሹን ብቻ» አላለችም።

«እንዴት ነው፣ አጎቴ፣ ታንዲሩ ተሻለው?»

«ሰፋ» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ ያው ነኝ።»

እውነቱን ግን ሰፈሩ ያውቃል። አሁን ጫማቸውን የሚያስሩት ራሳቸው ናቸው። ዳገቱን እያወሩ ይወጡታል፤ ጉልበታቸው ማጉረምረም ትቷል፤ የደም ግፊታቸውን ሲለካ ፊቱን ያጨፈግግ የነበረው ሐኪም ስለ ዳቦ ያወራቸዋል። ማንኮራፋታቸውም ስለ ቀረ ባለቤታቸው እንቅልፍ የሚባለውን ነገር እንደገና ተዋውቀውታል። በልክ የበላና እግሩን ያንቀሳቀሰ ሰው ያጣው ነገር ቢኖር ትርፍ ማገዶ ብቻ ነው።

ዳቦው በተበላ በሳምንቱ ሥጋ ሻጩ ቦሮንቦይ ወደ ጋጋሪው ቤት መጡ። ሲመጡ ቦዩ ዳር ሁለት ጊዜ ተቀምጠው አርፈዋል። ምንም ሳይናገሩ አንድ ትኩስ ዳቦ አነሡ፣ ነከሱና ለኡስታ ሐምሮቁል ሰጧቸው። ሐምሮቁልም ሊሰቅሉት ፈልገው አገላብጠው አዩት።

«ቦሮንቦይ፣» አሉ፣ «ለሚስማሩ ትንሽ ብትተውለት ምን ነበረበት?»