ኳሷን ትታ አጥሩን የምታይ ልጅ

ክቡራትና ክቡራን፣ የትሬስ ፓራይሶስ የልጆች እግር ኳስ ክለብ ኮሚቴ አባላት፣ አሰልጣኞችና ወላጆች፤

ይህን ግብዣ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጥብሱ ጥሩ ነው። እሳቱ ላይ የቆሙት እትዬ ኔልባ ስለሆኑ አልገረመኝም፤ በዚህ ክለብ ሳይጮሁ የሚሠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ዋንጫ ነው። ለትንንሽ ልጆች ዋንጫ ምን ያደርጋል እያልኩ ሃያ ዓመት ስከራከር ለኖርኩ ሰው፣ ዋንጫ! ማን እንደመረጠው አልጠይቅም። የሰማኝ ሰው እንዳልነበረ ግን ማስረጃው ይኸው፣ በእጄ ይዤዋለሁ።

የክለቡ ማስታወቂያ "ዕረፍት ጠይቆ ተሰናበተ" ይላል። ዕረፍት አልጠየቅኩም። ስለዚህ የሆነውን እኔው ልናገር።

ክቡር የክለባችን ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ላራልዴ ፊት ለፊቴ የማቴ ሻዩን እየጠጣ ተቀምጧል። ልጁ ብሩና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እኔ ጋ ነበር የምትጫወተው። ስትመጣ ችግሯ እግሯ አልነበረም። ኳስ ሲደርሳት መጀመሪያ የምታየው ኳሷን ሳይሆን የሜዳውን የሽቦ አጥር ነበር። ዓይኗን እስክትመልስ ኳሷ ተነጥቃለች።

"ብሩኒታ፣ አጥሩ ጋ ምን አለ?" አልኳት አንድ ቀን በቁልምጫ።

"አባቴ።"

"እና?"

"ምን እንደሚለኝ ልስማ ብዬ ነዋ፣ ኮች። ካልሰማሁት መኪና ውስጥ እንደገና ይለኛል።"

ሳቁ፣ ሳቁ። የሌሎቻችሁ ልጆችም ያሉኝን ብናገር ሳቁ ይቀንስ ነበር።

አጥሩ ጋ የሚባለውን ላስታውሳችሁ? "ጠልዛት! ጠልዛት!" "እግርሽ እንጨት ነው እንዴ?" "ዳኛ ሌባ!" ዳኛው እኮ ገና ጢም ያላበቀለ፣ በብስክሌት የመጣ ተማሪ ነው። ማቴ በእጅ፣ ፔርሙዝ በብብት፣ ስድብ በአፍ። እያንዳንዳችሁ ልጃችሁ ከዚህ ከፓይሳንዱ ዋና ከተማችን ሞንቴቪዴዮ፣ ከሞንቴቪዴዮ አውሮፓ ሄዶ ቤት የሚሠራላችሁ ይመስላችኋል። አንዱም አይሄድም። የምትጮሁት በሌለ ቤት ጣሪያ ላይ ቆማችሁ ነው።

ልጅ ኳስ እንዴት እንደሚማር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አጥንቻለሁ። ይህን ለማወቅ ግን ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። የፈራ ልጅ ኳስ ያባርራል እንጂ አይጫወትም። አብዶ የሚሞክረው ቢነጠቅ ማንም የማይሰድበው ልጅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በቡድኔ አንድ ሕግ የነበረኝ፤ ብናሸንፍም ብንሸነፍም፣ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንዱን አጋማሽ ይጫወታል።

በክለባችን ልደት አባቶች እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ልጆቹን አጥሩ ጋ አሰለፍኳቸውና "ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሰሙትን በሉ" አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። አስተማሪዎቹ እናንተው ናችሁ።

"ሩጥ አንተ ቦርጫም!" "ሜዳ ላይ ይተኛል እንዴ?" "አስወጡት ይሄን ቀሽም!" እናቶች በሳቅ ፈረሱ። አባቶችስ? ሥጋ ሻጩም፣ ጠበቃውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም ኳስ በደረሳቸው ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው መጠለዝ ጀመሩ። በመጨረሻ ዋሽንግተን ባዶ ጎል ፊት ኳስ አገኘ። ምን አደረገ? ቀና ብሎ አጥሩን አየ። ኳሷ በእግሮቹ መሃል አለፈች፤ እሱም በቂጡ ቁጭ አለ።

ያኔ ብሩና ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ለዚህ ነው ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌን የማጣው!" አለች። ንግግሩ የማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበ። "ወላጆችን አዋረድክ" ተባልኩ። ሕጉ ተሻረ፤ ከእንግዲህ የሚገቡት ምርጦቹ ብቻ ናቸው። "እዚህ የመጣነው ልናሸንፍ ነው!" ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ዋሽንግተን ነው። እኔም በዚያው ተሰናበት ተባልኩ።

ዋሽንግተን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን እጅ ስታወጣ የማንን ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዳስቀመጥክ ገብቶሃል? ምርጦቹን እኔ አውቃቸዋለሁ። ብሩና ገና እዚያ አልደረሰችም። ካላመንከኝ ተተኪዬን ኤዲሰንን ጠይቀው። ኤዲሰን፣ በነገው አሰላለፍ ውስጥ ብሩና አለች?

አየህ፣ ሳህኑን ነው የሚያየው።

በመጨረሻው ልምምዴ ላይ ልጅህ ኳስ ተቀበለች፤ አጥሩን አላየችም። አንዱን በአብዶ አለፈች፣ ሁለተኛው ነጠቃት፤ እሷም እየሳቀች ተከትላው ሮጠች። እየሳቀች፣ ዋሽንግተን! ከዚያ መጥታ፣ "ኮች፣ ቅዳሜ እገባለሁ አይደል?" አለችኝ።

"አባትሽን ጠይቂው" አልኳት። ጠየቀችህ?

ኮሚቴው ሙሉ በሙሉ እዚህ ተቀምጧል፤ ሥጋውም ገና አልቀዘቀዘም። ሕጉን የሻረ እጅ ሕጉን መመለስም ይችላል። እኔን መልሱኝ ግን አላልኩም፤ ብትለምኑኝም አልመለስም። ዋንጫውን እትዬ ኔልባ ስኳር ያስቀምጡበት።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ለጉሮሯችሁ ዕረፍት፣ ለልጆቻችሁ ሳቅ የሚሆን ጆሮ ይስጣችሁ። ኤዲሰን፣ ላንተም ከአጥሩ የሚመጣውን የማይሰማ ልብ ይስጥህ። ብሩናም ነገ ከወንበሯ ተነስታ ትግባ፤ ድንገት ረስታ አጥሩን ብታይም፣ አፋቸውን ዘግተው የቆሙ ሁለት ሰዎች ታግኝ።

አንዱ እኔ ነኝ።