የዘጠኝ ሰከንድ ባለሙያ

ግቢ እቴ፣ ግቢ። ዝናቡ አባራ እንዴ? ... ጎሽ። ቀሚሱን ልበሺውና መስታወቱ ፊት ቁሚልኝ፤ ቅምቅማቱን በስፒል ልያዘው። እኚህን ወንድማችንን አትፈሪያቸው፤ ሱሪያቸው እስኪተኮስ ነው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት። ቀድመውሽ ነበር የመጡት፤ ግን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ አይቸኩሉም።

ሥራ እንዴት ነው? ልጆችስ? ... እኛማ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት። ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍል ትታ አሁን ጓዳ ነው የምትተኛው። ለምን አትዪኝም? ... ለካ አንቺ በምርጫው ሰሞን እዚህ አልነበርሽም!

እህቴን ታውቂያት የለ፣ የሳይንስ መምህሯን? ትምህርት ቤታቸው የምርጫ ጣቢያ ሆኖ፣ ድምፅ የሚሰጠው በሷ ክፍል ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አስፈጻሚዎቹ "ይሄ ካርቶን ሰልፈኛውን እያደናቀፈ ነው፣ አንሺልን" አሏት። የቤተ ሙከራ ጠርሙስ ያለበት ካርቶን ነው። ታቅፋው በጓሮ በር ወደ ዕቃ ቤት ስትሄድ፣ ከሰልፉ መሀል አንድ መልካም ሰው ወጣ አለ። "መምህርት፣ በሩን ልክፈትልዎት። ከባድ ነው እንዴ? ምንድን ነው?" "ጠርሙስ ነው፣ ተባረክ!" በግራ እጁ በሩን ከፈተላት። በቀኙ ደግሞ በስልኩ ይቀርጻታል... እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

"ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" ይላሉ። እሱ ግን ትሑት ነው፣ ምንም አልጨመረም። ቀነሰ እንጂ። ጥያቄውን ቀነሰ፣ መልሷን ቀነሰ፣ በሩን የከፈተች እጁን ቀነሰ። ከጀርባዋ የተነሳችው ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ቀረች። ከሥሯ "ድምፃችን በጓሮ በር ሲወጣ" ብሎ ጻፈና ለቀቃት። እኔ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ወጥቶልኝ አያውቅም... ቀና በይ፣ ወደ አንድ ጎን አትዘንበዪ።

ሰዓት አልሞላም፣ ያልገባችበት ስልክ የለም። ሰልፉ ተበተነ። "ድምፃችን ከወጣ እዚህ ምን እንጠብቃለን?" እያለ ሰዉ ወደየቤቱ። ከማለዳ ጀምረው ፀሐይ ላይ የቆሙ ባልቴቶች ሳይመርጡ ተመለሱ። አየሽ፣ አንዲት ወረቀት ሳትሰረቅ ስንት ድምፅ ቀረ! ሌባ እንኳ ይሄን ያህል አይሳካለትም። እሱ ግን ሌባ አይደለም፤ ሌባ ልጠቁም ያለ ሰው ነው።

አመሻሹ ላይ እህቴና እናታችን ወደሚኖሩበት ቤት ድንጋዩ መጣ። እናታችን መስኮቱ ሥር አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ስደርስ ብርድ ልብሷ ላይ የተበተነውን የመስታወት ስባሪ እየለቀመች መዳፏ ላይ ታጠራቅማለች። "ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ነው" አለችኝ። እንዳልደነግጥ... እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እያደር እስኪጠራ ሰው የት ይተኛ? እሱን አላሉም።

ምላስስ አጥንት የለውም እንበል። ጣት ግን አለው አይደል? ... ልንገርሽ እንግዲህ። ያን ቀን ቪዲዮዋን እኔም ለሦስት ሰው ልኬያታለሁ። አዎ፣ እኔ! እዚሁ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ "ጉድ እዩ" ብዬ። የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የጀርባዋን ልክ ያለ ሜትር አውቀዋለሁ። ሌባ ለማየት ስቸኩል የገዛ እህቴን ሳላያት ቀረሁ... ስፒሉ ወጋሽ? ይቅርታ የኔ እህት፣ እጄ ነው።

እሷ አልጮኸችም። ከሥራ ታግዳ ሳለች ቆጠራው ተደገመ፤ አንድ ወረቀት ሳይጎድል ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ግን ቆጠራ ማን ያያል? ትምህርት ቤቱ ጓሮ በር ላይ ካሜራ አለ። ድምፅ የለውም፣ እንደዚያ ቀን ሰልፈኛ... ግን ሁሉን ያያል። ዳይሬክተሩን ለምና ሙሉውን ወሰደች። ካርቶኑን ታቅፋ በየቤቱ ዞረች። "ዘጠኙን ሰከንድ አይታችኋል፤ እባካችሁ ቀሪውንም እዩልኝ።" ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛቸው ላይ ትደረድራለች። በሩን የከፈተላትን ሰው ስም አንድ ቀን አላነሳችም። እኔም የላክሁላቸው ሦስቱ ቤት አብሬያት ሄድኩ። "የላክሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው" አልኩ። ካርቶኑ ቀላል ነው እቴ፤ ከባዱ እሷን ቃል ማውጣት ነው። አንዳንዱ አለቀሰ። አንዳንዱ መብራቱ እየታየ በሩን አልከፈተም።

እሱማ ምን ያድርግ? ቪዲዮዋን አጠፋት፤ ጨዋ ነው። "ጠየቅሁ እንጂ አልከሰስሁም" አለ አሉ። ይቅርታ ለማለት ግን ጊዜ አላገኘም፤ የሚከታተለው ሕዝብ ብዙ ነው፣ ያን ሁሉ ሰው ትቶ የት ይሂድ? አሁንማ በወጣቶች አዳራሽ "ሐሰተኛ ወሬን እንዴት እንለይ" ብሎ እንዲያስተምር ተጋብዟል። ተገቢ ነው! ስለ ዳቦ የሚጠየቀው ዳቦ ጋጋሪው አይደል?

እህቴማ ሥራዋ ተመልሳለች። ከክፍሏ የወጡት ስድስት ልጆች ግን አልተመለሱም። ሙሉውን ያዩ ወላጆች ናቸው እኮ! "አይተናል... ግን ምን ይታወቃል?" ይላሉ። እሷም ስም ስትጠራ በልማድ የነሱን ትጀምርና ታቆማለች።

በይ ጨረስኩልሽ፣ ዙሪያውን ተይዟል። ቀስ ብለሽ አውልቂው። ... ወንድሜ፣ የእርስዎም ደርሷል፣ ይኸው። መስመሩ እንደ ምላጭ ቆሟል፤ ለአዳራሹ ያምርብዎታል። ምነው፣ አላብዎት እንዴ? ካውያው ነው፣ ቤቱን ያሞቀዋል።

እኛ መቼም ለዚያ ሰው ክፉ አንመኝም። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ልጆቹ ይደጉለት፣ ደጁ በሰው ይሙላ። ሰው ነውና አንድ ቀን ያላደረገውን አደረገ ተብሎ አገር ሲያፈጥበት ደግሞ... እውነቱን ቆሞ የሚመሰክርለት፣ ልክ እንደራሱ ያለ ሰው ይስጠው።

አሜን በይ እንጂ፣ እቴ። ... እርስዎም።